ወንድሜ ለልጁ የሰጣት እርማት

ወንድሜ የቴአትር መምህር ነው። ይህን ለሰው ስናገር ሁሉም መድረክና መብራት ይታየዋል። የሱ ቴአትር ግን ጠዋት ከአንደኛ ክፍል ሕፃናት ጋር ወለል ላይ መንከባለል፣ ረፋዱ ላይ የአምስተኛ ክፍል ወንዶችና ሴቶች እጅ ለእጅ እንዲያያዙ መለማመጥ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዓለም ገና በጠዋቱ የሰለቻቸውን የአስረኛ ክፍል ጎረምሶች ከወንበራቸው ማስነሳት ነው። ማንኛውንም ነገር በጭብጨባ ጀምሮ በጭብጨባ ስለሚጨርስ ተማሪዎቹ “ቲቸር ጭብጨባ” ይሉታል። እቤትም ያው ነው፤ ሻይ ሲፈላ ያጨበጭባል፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ያጨበጭባል።

እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከሱና ከሴት ልጁ ጋር እኖራለሁ። የስፌት መኪናዬ ሳሎን ውስጥ መስኮቱ ስር ስለተቀመጠች እዚያ ቤት የሚባለውና የሚደረገው ሁሉ ባጠገቤ ያልፋል። ባጠገቤ አልፎ ያላየሁት ነገር ቢኖር ይኸው የምነግራችሁ ነው።

የሳምንቱን ትምህርት የሚያቅደው እሁድ እሁድ ነው። የቁርሱ ዕቃ ሳይነሳ ጠረጴዛውን በወረቀት ይወርረዋል። አንድ ጊዜ ለምን እንዲህ እንደሚጨነቅ ጠየቅኩት። እኔ እንደሚመስለኝ ጨዋታ ነው፤ ልጆቹን ሰብስቦ ማጫወት ነው፣ ሌላ ምን አለው?

“እትዬ፣ አንቺ ለሕፃንና ለአዋቂ በአንድ ልክ ትቆርጫለሽ?” አለኝ።

መቀሴን አስቀምጬ ዞርኩለት።

“የአንደኛ ክፍሎቹ ዛፍ ሁኑ ስትያቸው ዛፍ ይሆናሉ” አለ። “ችግሩ ማቆሙ ላይ ነው።” ስለዚህ ለነሱ ሲያቅድ ከጨዋታው መግቢያ ይልቅ ለመውጫው ይጨነቃል። መጨረሻ ላይ እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ጠርቶ፣ እጁን ጨብጦ፣ “እንኳን ተመለስክ” ይለዋል። አንድ ቀን ደወሉ ቀድሞት ይህን ሳያደርግ ለቀቃቸው። በማግስቱ አንዲት እናት ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ፣ “ልጄ ከትናንት ጀምሮ ጥንቸል ናት። አልጋ ላይ አልወጣም ብላ ስሩ ነው ያደረችው። እባክህ ሰው አድርግልኝ” አለችው። የአምስተኛ ክፍሎቹ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ናቸው። የሚፈሩት መግባቱን ነው፤ ጓደኛ ሳቀብኝ ማለት ለነሱ ሞት ነው። ስለዚህ ሁሉም አንድ ላይ የሚሠራውን፣ ማንም ለብቻው የማይታይበትን ነገር ይፈልግላቸዋል።

“የአስረኛ ክፍሎቹስ?” አልኩት።

“እነሱ መግባቱንም መውጣቱንም ያውቁበታል። ግን አሁን የት እንዳሉ አይነግሩሽም። ጨዋታ ነው ብለሽ ስትስቂ የምራቸውን ሆኖ ታገኚዋለሽ።”

ይህን በገዛ አፉ ነው የነገረኝ። ሰው የሚያስተምረውን ራሱ ቢማረው ኖሮ ምን ይጎድለን ነበር!

ሌላም አሠራር አለው። እቤት ያልተሞከረ ትምህርት ክፍል አይገባም። የአንደኛ ክፍሉን የሚሞክረው እኔ ላይ ነው። ስፒል በከንፈሬ ይዤ ድመት ሆኛለሁ፤ ሜትር በአንገቴ አንጠልጥዬ የተኛ ዝሆን ሆኛለሁ፤ ያውም ደንበኛ በር ላይ ቆማ እያየችኝ። የአስረኛ ክፍሉ ግን የልጁ ድርሻ ነው።

ልጁን ድንቢጥ እንላታለን። ስትወለድ መዳፍ አትሞላም ነበርና ስሙ እዚያው ተለጠፈባት፤ ዛሬ እኔን በራስ ትበልጠኛለች። አስረኛ ክፍል ናት፤ የገዛ አባቷ ተማሪ። ትምህርት ቤት “ቲቸር” ትለዋለች፣ እቤት “አባዬ”፤ አንዴም ተሳስታ አታውቅም። እናቷ ራቅ ያለ ከተማ ውስጥ አዋላጅ ናት። ከወንድሜ ጋር የተለያዩት ድንቢጥ ገና ሕፃን ሳለች ነው፤ ሳይጣሉ፣ ሳይካሰሱ፣ እንደተከባበሩ። የተጣላ ሰው ሲለያይ ይገባኛል። ተከባብሮ መለያየት ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። በየሳምንቱ ትደውላለች፣ ልጅቷም ስልኩን ይዛ ክፍሏ ገብታ ትዘጋለች።

ዘንድሮ ወንድሜ ለአስረኛ ክፍሎቹ የመክፈቻውን ጭብጨባ አስቀረ። “ኑሮ ሲጀምር አጨብጭቦ አይጀምርም” አለ። ልምምዱ በድንገት ይጀምራል፤ ተናጋሪው ደስ ባለው ሰዓት። የትምህርቱ ርዕስም “ለመናገር የሚከብድ ነገር” ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የሚከብድ ነገር ለአንድ ሰው ሲናገር ማሳየት አለበት። ድንቢጥ እቤት ጀመረችው። አንድ እሁድ በሩን በርግዳ ገብታ፣ የትምህርት ቤቱን ድምፅ ማጉያ ሰርቄ ሸጥኩት ብላ እንባዋን ዘረገፈችው። እኔ መቀሴን ጥዬ፣ “ልጅ ናት፣ ማርልኝ፣ እኔን ምታኝ” እያልኩ ወንድሜ እግር ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። አባትና ልጅ ተያይተው በሳቅ ፈረሱ። ከዚያን ቀን ወዲያ ይቺ ልጅ ብታለቅስም ብትስቅም ከስፌቴ ቀና አልልም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

በተከታዩ እሁድ የትምህርት ቤታቸውን ርዕሰ መምህርት ቀሚስ ጠርዝ እየቀመቀምኩ ነበር። ወንድሜ ወረቀቱ ላይ ተደፍቷል። ድንቢጥ ከክፍሏ ወጥታ ቁም ሳጥኑ አጠገብ ቆመች። ፀጉሯን አላበጠረችም።

“አባዬ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ፈልጌ ነበር።”

እስክሪብቶውን አስቀመጠና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። ተመልካች ሲሆን እንዲህ ነው የሚቀመጠው።

“እማዬ ጋ ልሄድ ነው። እዚያ ልኖር፣ እዚያ ልማር። ይሄ መንፈቅ ሲያልቅ። እማዬን በስልክ ብቻ እኮ ነው የማውቃት፣ አባዬ። ሳቋን አውቀዋለሁ፤ ስትስቅ ፊቷ ምን እንደሚመስል ግን ጠፍቶብኛል። እንዲህ ሆኜ ትምህርቴን ጨርሼ ሰው ልሆን ነው፤ እናቴን ሳላውቃት።”

ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ስትጨርስም ገለጠ።

“ጥሩ ነው” አለ። “በጣም ጥሩ ነው። የሳቁ ነገር ግሩም ነው፤ ከየት አመጣሽው? ግን ተጣደፍሽ። ‘ልሄድ ነው’ ከማለትሽ በፊት ትንፋሽ ውሰጂ። እጅሽንም ተመልከቺው፣ ሹራብሽን እያፍተለተለው ነው። እንደገና።”

“እንደገና?” አለች ድንቢጥ።

“ከመጀመሪያው።”

አየችው። ከዚያ እጇን ከሹራቧ ላይ አንስታ፣ ትንፋሽ ወስዳ፣ ሁሉንም ደገመችው። በዚህኛው ድምፅዋ መሀል ላይ ተቆረጠና እንባዋ መጣ። ቀና አልልም ብዬ ምዬ እንኳ እኔ ራሴ መኪናዬን አቁሜ ቀና አልኩ።

“አሁን መጣሽ!” ብሎ ወንድሜ ብድግ አለና አጨበጨበ።

“እሺ ማለትህ ነው?” አለች በቀጭን ድምፅ።

“ይህን ሰምቶ እሺ የማይል አባት ካለ ድንጋይ ነው። እሺ ነው እንጂ!”

“አትቆጣም?”

“ለምን እቆጣለሁ? ኮራሁብሽ እንጂ!”

ጥቂት ቆማ ወደ ክፍሏ ተመለሰችና በሩን ዘጋች። ወንድሜ እየተፍነከነከ ወደ ወረቀቱ ዞረ። “እትዬ፣ ይቺ ልጅ እኮ አስናቀችኝ” አለኝ። እኔም ክሬን እያስገባሁ፣ በአንተ አልወጣችም፣ በእኔ ነው የወጣችው አልኩት። ሁለታችንም ደስ ብሎን ምሳ በላን፤ ድንቢጥ ግን አልራበኝም አለች።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሳምንታት ውላቸው እንደጠፋ ክር ነበሩ። በየቱ በኩል ብንስበው ቋጠሮ ነው።

መጀመሪያ የልጅቷ እናት ደወለች፤ ለልጅቷ ሳይሆን ለሱ። “አመሰግናለሁ” አለችው። “እንዲህ በቀላሉ እሺ ትላለህ ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። አንተ ሁልጊዜም ከማስበው በላይ ትልቅ ሰው ነህ።” ምን ልበል ብሎ አፉን ሲከፍት ምጥ የያዛት ሴት መጣችባትና ስልኩ ተዘጋ። ወንድሜ ስልኩን እንደያዘ ወደ እኔ መጣ።

“እትዬ፣ ለምንድን ነው የምታመሰግነኝ?”

“ለላክንላት ሹራብ ይሆናል።”

“ሹራቡን የላክሽው አንቺ ነሽ።”

“ታዲያ ምን ላድርግ፣ አንተን ካመሰገነች!” አልኩት። ስንነታረክ ቆይተን፣ ለሆነ የተማሪዎች ጉብኝት ፈቅዶ ረስቶት ይሆናል በሚለው ተስማማን። መልሶ ደውሎ መጠየቅ ደግሞ አፈረ። ትልቅ ሰው ነህ ከተባለ በኋላ፣ በምን ምክንያት ብሎ መጠየቅ ደስ አይልም።

ቀጥሎ የስፖርት መምህሩ መተላለፊያው ላይ አስቁሞ ትከሻውን ጨበጠው። “አይዞህ። ጠንካራ ሰው ነህ። እኔ ብሆን አልችለውም ነበር” አለው። ወንድሜ የሆነ ዘመድ የሞተ መሰለው። እቤት ሲደርስ አንድ በአንድ እየጠራ የሁሉንም ደኅንነት ጠየቀኝ። ሁሉም ደኅና ናቸው ስለው እኔ ነኝ የታመምኩት ብሎ መስታወት ፊት ሄዶ ምላሱን አውጥቶ አየ። ርዕሰ መምህሯ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ትርኢት ላይ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ማን እንደሚጫወት ጠየቀችው። “ልጄ ናታ!” ሲላት ዓይኗን ሰበር አድርጋ፣ “እንዳልክ ይሁን፤ ጊዜ ያስፈልግሃል፣ ይገባኛል” ብላው ሄደች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እንዲህ ያለው ላይ ሲደርስ ነው። ግቢው ሁሉ ያውቃል፣ እሱ ብቻ ቀርቷል።

እቤትም ነገሩ አላማረም። ድንቢጥ ከተወለደች እንዲህ ጨዋ ሆና አታውቅም። አባቷ ሲገባ ከወንበሯ ትነሳለች፤ ሲጠራት “አቤት” ትላለች፤ ሲቀልድ ፈገግ ብላ ክፍሏ ትገባለች። መስታወቷን አምጥታ፣ “አክስትዬ፣ ላንቺ ይሁን፣ ደንበኞችሽ ይዩበት” አለችኝ። የሻንጣዋ ማንገቻ ተበጥሶ ነበርና እንድሰፋላት ጠየቀችኝ። ለዚያ ለጉብኝቱ ነው ብዬ፣ እንዳያዋርዳት በድርብ ክር አጠንክሬ ሰፋሁላት። እሁድ ሲመጣ ወንድሜ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ የክፍሏን በር ያያል። በሩ አይከፈትም።

“ምን አድርጌአት ነው?” ይለኛል። “እርማቱን አበዛሁባት ይሆን?”

“ወንድ ልጅ ይዛ ይሆናል” አልኩት፣ እኔም ሌላ ስለጠፋኝ።

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ሰውየው ጭራሽ ልቡ ውሃ ሆነ። ዕቅዱ እርስ በርሱ ይምታታበት ጀመር። የአስረኛ ክፍሎቹን ዛፍ ሁኑ ብሎ፣ እጃቸውን ዘርግተው የሞኝ ሳቅ ሲስቁበት ነው ወረቀት መለዋወጡን ያወቀው። ጠዋት ደግሞ የአንደኛ ክፍሎቹን ክብ አስቀምጦ፣ “እስኪ ለመናገር በጣም የሚከብዳችሁን ነገር ንገሩኝ” ብሏቸው ነበር። ሕፃናቱ እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ አንዷ እጇን አውጥታ፣ “ቲቸር፣ ሽንቴ መጣ” አለችው። እሱ ይህን ሲነግረኝ አልሳቀም። እኔ ግን ለሁለታችንም ሳቅሁለት።

የአስረኛ ክፍሎቹ ሥራቸውን የሚያሳዩበት ቀን ደረሰ። እኔ አልነበርኩም፤ ግን እሱም እሷም ለየብቻ ነግረውኛል፣ ወሬያቸውም አንድ ነው። አዳራሹ ውስጥ ወንበር በክብ ተደርድሯል። አንዱ ተማሪ ለጓደኛው ‘እኔ ነኝ ስምህን ያጠፋሁት’ አለ፤ ሌላዋ ለእናቷ ‘ሐኪም መሆን አልፈልግም’ አለች። ወንድሜ እየተነሳ እየተቀመጠ ያርማል። ተራው ድንቢጥ ጋ ደረሰ።

“እኔ የለኝም፣ ቲቸር። የኔን ተናግሬዋለሁ።”

“ለማን?”

“ለሚመለከተው ሰው።”

ተማሪዎቹ ጫማ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ወንድሜ የታየው ግን ዝግጅት ያጣች ተማሪ ብቻ ነው። ደግ ሊሆንላት ፈለገ።

“እሺ፣ ያንን እቤት ያሳየሽኝን ድገሚው። የእናትየዋን። ጓደኞችሽ ይማሩበታል፤ ከዚያ የተሻለ አላየሁም።”

“ለሦስተኛ ጊዜ ልበለው?” አለች።

“ለምን አትዪውም?”

ያኔ ነው ድንቢጥ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል ውስጥ የተሳሳተችው። “አባዬ” አለች፣ “ያ እኮ ልምምድ አልነበረም።”

“ምኑ?”

“መሄዴ።”

“ወዴት ነው የምትሄጂው?”

“እማዬ ጋ! እሺ ብለኸኝ የለ?”

ወንድሜ እንደሚለው፣ በዚያች ሰዓት ሰማዩ ምድር፣ ምድሩ ሰማይ ሆነበት። ልጁ ናት ወይስ ገጸ ባሕርይዋ? ይህ ሁሉ፣ ሳምንታቱ ሁሉ፣ ከሱ የተማረችው ረጅም ልምምድ ይሆን? እንዲያውም አፉን ከፍቶ፣ “ይሄም የሥራው ክፍል ነው?” ብሎ ጠየቀ። ማንም አልሳቀም። አጠገቡ የተቀመጠች የድንቢጥ ጓደኛ በለሆሳስ፣ “አይደለም፣ ቲቸር” አለችው። ደወሉ ሲደወል ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ድንቢጥም ቦርሳዋን አንስታ ከነሱ ጋር ወጣች። እሱ ባዶ ወንበሮቹ መሀል ቀረ።

እቤት የገባው ፊቱ አመድ መስሎ ነው። የሆነውን ሁሉ ነገረኝ። ንዴቴን መያዝ አልቻልኩም።

“አንተ ሰውዬ! ልጅህ ሆዷን ስትዘረግፍልህ አንተ ትንፋሽ ታርማለህ?”

“አንቺስ እዚህ ተቀምጠሽ አልነበረም?”

“እኔ ጨርቅ ነው የምሰፋው! አባቷ አንተ ነህ!”

ይህን ብዬ ዞር አልኩ፤ እሱ እንዳያየኝ። እኔም እኮ ሰምቻታለሁ። በድርብ ክር አጠናክሬ የሰፋሁት የመሄጃዋን ሻንጣ ነበር።

ወንድሜ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። ወረቀት ሳበና መጻፍ ጀመረ። ምን እየጻፈ ነው ብዬ በትከሻው በኩል ሳይ፣ ከልጁ ጋር የሚነጋገረውን እያቀደ ነው። መግቢያ፣ ዋናው ነገር፣ ማጠቃለያ። ከዚያ ቀና ብሎ በልመና ዓይን አየኝ።

“እትዬ፣ እስኪ አንቺ አንድ ጊዜ ድንቢጥን ሁኚልኝ።”

እጄ ላይ የነበረውን ክር ከነማጠንጠኛው ወረወርኩበት። ግንባሩን ስቶት ግድግዳውን መታ። “ከገዛ ልጅህ ጋር ለመነጋገርም ልምምድ? ቅደድልኝ ያንን ወረቀት!” አልኩት። ቀደደው። ከዚያ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ ያለ ወረቀት ሳየው ወንድሜ አልመስል አለኝ።

ድንቢጥ ስትገባ ገና አልመሸም። ቦርሳዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆመች። እኔ ልውጣ ብዬ ስነሳ፣ “አትሂጂ፣ አክስትዬ” አለችኝ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

“አልገባኝም ነበር” አለ ወንድሜ። “ልምምድ መስሎኝ።”

“እኔ ደግሞ የምርህን እሺ ያልክ መስሎኝ።”

“ያለቀስሽ ጊዜ እንኳ...”

“ሁለት ጊዜ ነው የነገርኩህ፣ አባዬ። ትንፋሽ ውሰጂ አልከኝ። ወሰድኩ።”

አንገቱን ደፋ። እሷ ግን ገና ጀመረች።

“ልነግርህ ስንት ጊዜ እንደፈራሁ ታውቃለህ? ይከፋዋል፣ አይለቀኝም፣ ያለቅሳል ብዬ። ምን እንደምመልስልህ ሁሉ አስቤ ነበር። አንተ ተነስተህ አጨበጨብክ። ኮራሁብሽ አልከኝ። አንዴ፣ አንዴ እንኳ አትሂጂ ሳትለኝ! ያን ቀን ክፍሌ ገብቼ ምን አልኩ መሰለህ? ለካ አትሂጂ እስኪለኝ ስጠብቅ ነው የኖርኩት፣ እሱ ግን ብሄድም ባልሄድም ግድ የለውም አልኩ።”

ወንድሜ ቀና አለ። አጀማመሩ አያምርም፤ ትንፋሽም አልወሰደ፣ እጁም ሸሚዙን ያፍተለትላል። ለተማሪ ቢሆን ሦስት አራት ቦታ ያርመው ነበር።

“አትሂጂ” አለ። “ልጄ፣ አትሂጂ። እኔ ምን አለኝ? ማን አለኝ?” ከዚያ ወዲያ የተናገረው ቃል አልነበረም፤ ልቅሶ ነበር። ይህን ሰው እናታችን ስትሞት እንኳ እንዲህ ሲያለቅስ አላየሁትም። ድንቢጥ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጥላ ሄደችና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እኔ የርዕሰ መምህሯን አዲስ ቀሚስ አንስቼ ዓይኔን ጠረግሁበት፤ ትወቅሰኝ ከፈለገች።

ሲረጋጉ ወንድሜ አፍንጫውን አብሶ፣ “ታዲያ ቀረሽ?” አላት።

“አልቀረሁም፣ አባዬ።”

ወደ እኔ ዞረ፤ አስተርጉሚልኝ የሚል ይመስላል። እኔ ደግሞ ምኑን አውቄው? “ግራ ገባኝ እኮ” አለ ወደሷ ተመልሶ። “አትሂጂ በለኝ ትያለሽ፤ ስልሽ ደግሞ አልቀርም ትያለሽ። ምን ላድርግ?”

“ምንም አታድርግ። እሷንም ማወቅ አለብኝ። አንተ ግን እስክሄድ ድረስ በለኝ።”

“አትሂጂ እያልኩሽ ልትሄጂ?”

“አዎ።”

አልገባውም። እስከ ዛሬም የገባው አይመስለኝም፤ እኔም ብሆን ገባኝ ብል ውሸት ነው። ግን ያለችውን አደረገ። ጠዋት ካልሲውን እየፈለገ፣ “አትሂጂ፤ ካልሲዬን አይተሻል?” ይላል። ሻይ ሲቀዳላት፣ “አትሂጂ፤ ስኳር ልጨምር?” ይላል። እሷም ሳቅ ብላ ትቀበለዋለች። አቤት ማለቱም ከወንበር መነሳቱም ቀረ፤ ቤቱ ተመልሶ ቤት ሆነ። እኔ አንዳንዴ ሐሳቧን የቀየረች እየመሰለኝ ክፍሏ ብቅ ስል፣ ልብሷን እያጣጠፈች አገኛታለሁ።

የመንፈቁ ትምህርት አልቆ የመሄጃዋ ቀን ሲደርስ ሦስታችንም ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ሄድን። ሰዉ ይጋፋል፣ ሾፌሮች ጥሩምባ ያሰማሉ፣ ነጋዴዎች በመስኮት በኩል ውሃና ብስኩት ይሸጣሉ። ድንቢጥ እኔን አቅፋ ሳመችኝ፤ ጆሮዬ ስር ያለችኝን ለማንም አልናገርም። አባቷንም ሳመችው። ገብታ በመስኮት በኩል ተቀመጠች። ሻንጣዋን የተሸከመው ወንድሜ ነው፤ ለረዳቱ ሲያቀብል በመስኮቱ አቅጣጫ፣ “አትሂጂ” ይላል። ረዳቱ ሻንጣውን በግማሽ ይዞ ቀረ።

“ጋሼ፣ ትሄዳለች ወይስ አትሄድም? መኪናው ሊነሳ ነው።”

“ትሄዳለች። በደንብ አስገባልኝ፣ ሌላ ዕቃ እንዳይጫነው” አለው ወንድሜ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ቀረብ አለ። አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ጀምሯል። መስተዋቱን በመዳፉ እየነካ አብሮት ይራመዳል።

“አትሂጂ፣ ልጄ” አላት።

“እሺ፣ አባዬ” አለችው ድንቢጥ፤ አውቶቡሱም ይዟት ወጣ።